ኤቫንጄሊስታ ቶሪቼሊ፤ የሚፈስሰውን ውኃ የለካ ሊቅ

በታችኛው ክፍል ሳለን ስለ ውኃ ገንዳ የሚጠይቀውን የሒሳብ ጥያቄ ያልሠራ ተማሪ በመካከላችን አይገኝም። አንድ ቧንቧ ባዶውን ገንዳ በ6 ሰዓት ይሞላዋል፤ ከግርጌው ያለው ቀዳዳ ደግሞ ሙሉውን ገንዳ በ9 ሰዓት ባዶ ያደርገዋል፤ ሁለቱም አንድ ጊዜ ቢከፈቱ ገንዳው በስንት ሰዓት ይሞላል? የሚል ነው። እኛም ከአንድ ስድስተኛ ላይ አንድ ዘጠነኛ ቀንሰን፣ አንድ ዐሥራ ስምንተኛ አግኝተን፣ 18 ሰዓት ብለን እንጽፋለን። መምህሩም የልክነት ምልክት ያደርግልናል፤ ነገሩም በዚሁ ያልቃል።

ባለፈው ዓመት ግን እኔና ሁለት ጓደኞቼ አንድ የዘይት ቆርቆሮ ከግርጌው በምስማር በስተን፣ በውስጡ 25 ሣንቲሜትር ያህል ውኃ ሞልተን፣ ሰዓት ይዘን ተቀመጥን። ውኃው በ5 ደቂቃ ያህል አለቀ። እንደ ሒሳቡ ከሆነ በየደቂቃው 5 ሣንቲሜትር ሊጎድል ይገባው ነበር። ነገር ግን በመጀመሪያው ደቂቃ የጎደለው ወደ 9 ሣንቲሜትር ተጠጋ፤ በመጨረሻው ደቂቃ የጎደለው ግን አንድ ሣንቲሜትር ያህል ብቻ ነበር። ሰዓቱን የያዘው ጓደኛችን ተሳስቷል ብለን ተከራከርን፤ ሞልተንም ደገምነው፤ ውጤቱ ያው ሆነ። የተሳሳተው ጓደኛችን ሳይሆን አሳባችን ነበር። መምህራችንን ብንጠይቃቸው የአንድ ሰው ስም ሰጥተው ወደ ቤተ መጻሕፍት ላኩን። የዚያን ሰው ታሪክ ለመጽሔታችን አንባቢዎች ባጭሩ ለማቅረብ የተነሣሁት ስለዚህ ነው። የዘመን ቁጥሮቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤቫንጄሊስታ ቶሪቼሊ የተወለደው በኢጣልያ አገር በኦክቶበር 15 ቀን 1608 ነው። ያደገው ፋኤንዛ በምትባለው ከተማ ሲሆን፣ አባቱ ጋስፓሬ ልጁን በሚገባ ለማስተማር አቅም የሌለው ድኻ ነበር። ይሁን እንጂ ልጁ አስተዋይ መሆኑን አጎቱ ያኮፖ ተመለከተ። ያኮፖ መነኩሴ ስለ ነበር ልጁን ወደ እርሱ አስጠግቶ መሠረታዊውን ትምህርት አስተማረው፤ ቀጥሎም በከተማው ወደ ነበረው የኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት እንዲገባ አደረገው። ልጁ በሒሳብ ከጓደኞቹ የላቀ ሆኖ ስለ ተገኘ ትምህርቱን እንዲቀጥል ወደ ሮማ ተላከ።

በሮማ ያገኘው መምህር ቤኔዴቶ ካስቴሊ ይባላል። ካስቴሊ መነኩሴም የሒሳብ ሊቅም ሲሆን፣ የታላቁ የጋሊሌዮ ጋሊሌይ ደቀ መዝሙር ነበር። ቶሪቼሊ ለትምህርቱ የሚከፍለው ገንዘብ ስላልነበረው መምህሩን በጸሐፊነት እያገለገለ ይማር ጀመር። ይህ ሁኔታ ለወጣቱ ታላቅ ዕድል ሆነለት። ካስቴሊ በ1628 ስለሚፈስሱ ውኆች አለካክ አንድ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ከእርሱ በፊት ብዙ ሰዎች በአንድ ቦይ የሚያልፈውን ውኃ ሲለኩ የሚያዩት የቦዩን ስፋትና የውኃውን ጥልቀት ብቻ ነበር። ካስቴሊ ግን ስፋቱና ጥልቀቱ ብቻ አይበቃም፤ ፍጥነቱም መቆጠር አለበት፤ አንድ ወንዝ በጠባብ ቦታ ሲያልፍ የሚፈጥነውም በዚህ ምክንያት ነው ብሎ አስተማረ። ቶሪቼሊ ውኃን በቁጥር መመርመርን የተማረው ከዚህ ሰው ነው።

በሴፕቴምበር 1632 ካስቴሊ ከሮማ ውጭ በነበረ ጊዜ ከጋሊሌዮ ደብዳቤ መጣ። መልሱን የጻፈው የ23 ዓመቱ ጸሐፊ ቶሪቼሊ ነበር። በዚያው ደብዳቤ ራሱን አስተዋወቀ፤ የጥንቱንና የአዲሱን የሥነ ፈለክ መጻሕፍት እንዳነበበና መሬት በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች የሚለውን የኮፐርኒከስን ትምህርት እንደ ተቀበለ ገለጸ። ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት በ1633 ጋሊሌዮ ስለዚሁ ትምህርት በሮማ ተፈርዶበት እስከ ዕድሜው ፍጻሜ በቤቱ ተወስኖ እንዲኖር ተደረገ። ቶሪቼሊም ከዚህ በኋላ ስለ ሰማይ አካላት ከመጻፍ ተቆጥቦ ጊዜውን ለጂኦሜትሪና ስለሚወድቁና ስለሚወረወሩ ነገሮች እንቅስቃሴ ለማጥናት አዋለው። አንዳንድ ሰው ይህን ፍርሃት ይለው ይሆናል። እኔ ግን በአንዱ በር መግባት የተከለከለ ሰው በሌላው በር ገባ ብዬ አስባለሁ።

በ1641 ካስቴሊ ከሮማ ተነሥቶ በፍሎሬንስ አጠገብ አርቼትሪ በምትባል ቦታ በግዞት ይኖር ወደ ነበረው ወደ ጋሊሌዮ ሄደ። ሲሄድም ደቀ መዝሙሩ ስለሚወድቁ ነገሮች የጻፈውን ሥራ ይዞ ነበር። ጋሊሌዮ በዚያን ጊዜ 77 ዓመት የሆነው ሽማግሌ ሲሆን ዓይኖቹም ጠፍተው ነበር። ጽሑፉ ሲነበብለት ደስ ብሎት ወጣቱ መጥቶ እንዲረዳው ፈቀደ። ቶሪቼሊ በኦክቶበር 1641 አርቼትሪ ደረሰ። ከእርሱ አስቀድሞ ሽማግሌውን ይረዳ ከነበረው ከወጣቱ ቪንቼንዞ ቪቪያኒ ጋር ሆኖ፣ ጋሊሌዮ ቃል በቃል የሚነግረውን ይጽፍ ጀመር። አብረው የቆዩት ግን ለሦስት ወር ያህል ብቻ ነው። ጋሊሌዮ በጃኑዋሪ 8 ቀን 1642 ሞተ።

ቶሪቼሊ ወደ ሮማ ለመመለስ ሲዘጋጅ የቶስካና ገዢ ታላቁ መስፍን ፌርዲናንዶ 2ኛ ጠርቶ በጋሊሌዮ ምትክ የቤተ መንግሥቱ የሒሳብ ሊቅ አድርጎ ሾመው። የድኻው ልጅ በ33 ዓመቱ በዘመኑ ከነበሩት ሊቃውንት ሁሉ በላይ የሚታየው ሰው በተቀመጠበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። በሹመቱ ግን አልተኩራራም። በገዛ እጁ የሩቅ ማያ መነጽር መስተዋት እየሞረደ ይሠራ ነበር፤ መስተዋቶቹም እጅግ ጥሩ ስለ ነበሩ መስፍኑ የወርቅ ሐብል ሸለመው።

አሁን ወደ ገንዳችን እንመለስ። ቶሪቼሊ በሕይወቱ ሳለ ያሳተመው መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በ1644 በፍሎሬንስ ታተመ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ስለሚወድቁና ስለሚወረወሩ ነገሮች በሚናገረው ክፍል፣ ከተበሳ ዕቃ ስለሚወጣ ውኃ የጻፋቸው ጥቂት ገጾች ይገኛሉ። መምህሩ ካስቴሊ የውኃ ፍጥነት ከከፍታው ጋር እኩል ያድጋል ብሎ ያምን ነበር፤ ይኸውም ከፍታው እጥፍ ቢሆን ፍጥነቱም እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ለሚሰማው ሁሉ እውነት የሚመስል አሳብ ነው። እኔም ብጠየቅ እንዲሁ እመልስ ነበር።

ቶሪቼሊ ግን ሌላ ነገር አየ። ከቀዳዳው የሚወጣው ውኃ ያለው ፍጥነት፣ አንድ ድንጋይ ከውኃው ወለል ተለቅቆ እስከ ቀዳዳው ድረስ ቢወድቅ ከሚኖረው ፍጥነት ጋር እኩል ነው አለ። ለዚህም ማስረጃ የሆነው ነገር፣ ቀዳዳው ወደ ላይ እንዲመለከት ቢደረግ የሚፈናጠረው ውኃ በገንዳው ውስጥ ካለው ውኃ ከፍታ ሊደርስ ምንም ያህል የማይቀረው መሆኑ ነው። ጥቂት የሚያጎድለውም አየሩ ስለሚከለክለውና ተመልሶ የሚወርደው ውኃ የሚወጣውን ስለሚጫነው ነው። ቀዳዳው በጎን በኩል ሲሆን ደግሞ ውኃው የተወረወረ ድንጋይ እንደሚሄድበት ባለው የፓራቦላ መንገድ ይወርዳል።

የሚወድቅ ድንጋይ ሕግ ደግሞ በጋሊሌዮ አስቀድሞ ታውቋል። የድንጋዩ ፍጥነት እጥፍ እንዲሆን የሚወድቅበት ከፍታ አራት እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ የውኃው ፍጥነት የሚከተለው ከፍታውን ራሱን ሳይሆን የከፍታውን ዳግም ዘር ነው፤ ይኸውም በተለምዶ ስኩዌር ሩት የምንለው ነው። ከቀዳዳው በላይ ያለው ውኃ 20 ሣንቲሜትር ቢሆን ውኃው በሴኮንድ 2 ሜትር ያህል ይሄዳል። 4 ሜትር እንዲሄድ ግን 40 ሣንቲሜትር አይበቃውም፤ 80 ሣንቲሜትር ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ የቆርቆሯችን ምስጢር ይገለጣል። የሚወድቅ ድንጋይ በመጀመሪያው ጊዜ 1 እጅ ቢወርድ፣ በተከታዮቹ እኩል ጊዜያት 3፣ 5፣ 7፣ 9 እጅ ይወርዳል። የሚጎድለው ውኃ ይህንኑ መንገድ ወደ ኋላ ይሄድበታል። ከ25 ሣንቲሜትር ውኃ በመጀመሪያው ደቂቃ 9 ጎድሎ 16 ይቀራል፤ ከዚያ 7 ጎድሎ 9 ይቀራል፤ ከዚያ 5 ጎድሎ 4 ይቀራል፤ ከዚያ 3 ጎድሎ 1 ይቀራል፤ በመጨረሻው ደቂቃ ያ አንዱ ያልቃል። ውኃው ሲቀንስ የሚገፋው ክብደት ስለሚቀንስ አወራረዱ እየዘገየ ይሄዳል። ከጠቅላላው ጊዜ ግማሹ ሲያልፍ በዕቃው ውስጥ የሚቀረው የውኃው ሩብ ብቻ ነው። የጥንት ሰዎችም ይህን መዘግየት በልምድ ያውቁት ነበር። በግብፅ አገር በካርናክ የተገኘው የ3,000 ዓመት ዕድሜ ያለፈው የውኃ ሰዓት፣ ጎኑ ወደ ታች እየጠበበ እንዲሄድ ተደርጎ የተሠራው የውኃው ወለል በየሰዓቱ እኩል እንዲወርድ ተብሎ ነው። ልኩን በሕግ የሰጠን ግን ቶሪቼሊ ነው።

ከዚህ ሕግ አንድ ቀላል ደንብ ይወጣል። ጎኖቹ ቀጥ ያሉት ገንዳ ባዶ ለመሆን የሚፈጅበት ጊዜ፣ ውኃው እንደ ጀመረው ፍጥነት ሳይቀንስ ቢፈስስ ከሚፈጅበት ጊዜ በትክክል እጥፍ ነው። ለምሳሌ ቁመቱ 1 ሜትር፣ የወለሉ ስፋት 1 ካሬ ሜትር የሆነና 1,000 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ከግርጌው 1 ካሬ ሣንቲሜትር የሆነ ቀዳዳ ቢኖረው፣ በመጀመሪያው ፍጥነት 38 ደቂቃ ያህል በበቃው ነበር፤ በሕጉ መሠረት ግን 75 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። የላይኛው ግማሽ በ22 ደቂቃ ሲወጣ ለታችኛው ግማሽ 53 ደቂቃ ያስፈልጋል። በሥራ ላይ ሲታይ ጊዜው ከዚህም ይረዝማል፤ ውኃው ከቀዳዳው እንደ ወጣ ስለሚጠብ በስለታም ጠርዝ ቀዳዳ የሚያልፈው ከተሰላው 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ይህን የውኃ መጥበብ ያስተዋለው እንግሊዛዊው አይዛክ ኒውተን ነው። ኒውተን ራሱ በ1687 በታተመው መጽሐፉ ስለ ውኃው ፍጥነት ተሳስቶ ነበር፤ በ1713 በታተመው ሁለተኛ እትም ግን ስሕተቱን አርሞ ከቶሪቼሊ ጋር ተስማማ። ሕጉ ለምን እውነት እንደ ሆነ ከኃይል አጠባበቅ በመነሣት ያስረዳው ደግሞ በ1738 መጽሐፉን ያሳተመው ዳንኤል ቤርኑሊ ነው።

እንግዲህ ያን የታችኛ ክፍል ጥያቄያችንን በቶሪቼሊ ሕግ እንመርምረው። ቀዳዳው ሙሉውን ገንዳ በ9 ሰዓት ባዶ የሚያደርግ ከሆነ፣ ገንዳው ሙሉ በሆነበት ሰዓት የሚያፈስሰው በሰዓት አንድ ዘጠነኛ ሳይሆን እጥፉን፣ ማለት ሁለት ዘጠነኛውን ነው። ቧንቧው ግን በሰዓት የሚያስገባው አንድ ስድስተኛ ብቻ ነው። ሁለት ዘጠነኛ ከአንድ ስድስተኛ ይበልጣል። ስለዚህ ገንዳው በ18 ሰዓት አይሞላም፤ በ18 ቀንም አይሞላም። ውኃው የገንዳውን ዘጠኝ ዐሥራ ስድስተኛ፣ ማለት ከግማሽ ጥቂት ከፍ ወዳለው ቦታ እየተጠጋ ይሄዳል፤ በዚያ ከፍታ ላይ የሚገባውና የሚወጣው እኩል ስለሚሆኑ ከዚያ አያልፍም። ይህን ሠርቼ ባገኘሁ ጊዜ ደነገጥሁ። ጥያቄውን ያወጣው ሰው ስሌቱን አልሳተም፤ ፍሰቱ ሳይለወጥ ለሚቀጥል ነገር መልሱ ልክ ነው። እኛ ግን ውኃውን ሳናየው በቁጥሩ ብቻ አምነን ኖረናል።

ቶሪቼሊ በዓለም የታወቀበት ሌላው ሥራም የውኃ ጉዳይ ነው። በዚያን ዘመን የውኃ ፓምፕ ሠራተኞች ውኃን በመምጠጥ ከ10 ሜትር በላይ ማውጣት አቅቷቸው ነበር። ጋሊሌዮ በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ የውኃው ዐምድ በገዛ ክብደቱ ይበጠሳል ብሎ አስቦ ነበር። ቶሪቼሊ እዚህም ላይ ከታላቁ መምህር ተለየ። ውኃውን የሚያወጣው የፓምፑ መሳብ ሳይሆን ከውጭ የሚጫነው የአየር ክብደት ነው ብሎ አሰበ። ይህን ለማየት ከውኃ 13.6 ጊዜ የሚከብደውን ባዜቃ ወይም ሜርኩሪ መረጠ። አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ባንድ በኩል የተደፈነ የመስተዋት ቱቦ በባዜቃ ተሞልቶ፣ በባዜቃ ሳህን ላይ ተገልብጦ ሲቆም ፈሳሹ ወርዶ በ76 ሣንቲሜትር ያህል ላይ ቆመ። ሙከራውን በእጁ የሠራው ቪቪያኒ ነው። ቶሪቼሊ ውጤቱን በጁን 11 ቀን 1644 ሮማ ለነበረው ለጓደኛው ለሚኬላንጄሎ ሪቺ በደብዳቤ ገለጠለት። ባሮሜትር የተባለው መሣሪያ የተወለደው እንዲህ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ በ1648 በፈረንሳዊው በብሌዝ ፓስካል አሳሳቢነት ቱቦው ወደ ተራራ ቢወጣ ባዜቃው ዝቅ ብሎ ታየ። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው በአዲስ አበባም ባዜቃው የሚቆመው በ57 ሣንቲሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ በከተማችን በመምጠጥ ብቻ የሚሠራ ፓምፕ ከ8 ሜትር ያነሰ እንጂ 10 ሜትር ሊያወጣ አይችልም፤ ጕድጓድ የሚያስቆፍር ሰው ይህን ቢያውቅ ከኪሳራ ይድናል።

መስፍኑ ስለ አገሩ ውኆችም ምክር ይጠይቀው ነበር። በቶስካና ኪያና የሚባለው ሸለቆ ረግረግ ስለ ነበር ውኃውን ወደ አርኖ ወንዝ በቶሎ ለማፍሰስ አሳብ ሲቀርብ ቶሪቼሊ ተቃወመ። አርኖ በፍሎሬንስ መካከል የሚያልፍ ወንዝ ነው። ገንዳን ባዶ የማድረግ ጥያቄ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ቶሪቼሊ ይህን ሁሉ ሠርቶ ገና ብዙ ሲጠበቅበት በኦክቶበር 1647 በፍሎሬንስ በትኩሳት ሕመም ተያዘ፤ በ25ኛውም ቀን ሞተ። 39 ዓመት ከሞላው ዐሥር ቀን ብቻ ነበር። በሳን ሎሬንሶ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ያልታተሙ ጽሑፎቹ በወዳጆቹ እጅ ቀርተው ሥራዎቹ ተሰብስበው መታተም የጀመሩት በ1919 ነው። ስሙ ግን አልጠፋም፤ ቶር የሚባለው የግፊት መለኪያ በእርሱ ስም ይጠራል።

የተወደዳችሁ ጓደኞቼ፤ ይህ ሰው ካስቴሊንና ጋሊሌዮን እስከ መጨረሻው አክብሯቸዋል፤ ነገር ግን ውኃው ሌላ ነገር በነገረው ጊዜ ውኃውን ሰማ። መምህርን ማክበር ማለት የተናገረውን መድገም ብቻ ሳይሆን ባስተማረን መሣሪያ ከእርሱ አልፎ መመርመርም እንደ ሆነ ከሕይወቱ ተምሬአለሁ። ሌላም ትምህርት አለው። የሞላ ገንዳ ኃይሉ በመጀመሪያው ሰዓት ነው፤ የጊዜው ግማሽ ሲያልፍ ሦስት አራተኛው ፈስሷል። እኛም አሁን ያለነው በመጀመሪያው ሰዓት ላይ ስለ ሆነ፣ ኃይላችን ወዴት እንደሚፈስስ ከወዲሁ እናስብበት። እስከዚያው ግን አንድ ቆርቆሮ ፈልጋችሁ፣ በስታችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ እንድትቀመጡ እለምናችኋለሁ። የእኔን ቃል አትመኑ፤ ውኃውን ራሱን ጠይቁት።